የማርሽ መርገጫችሁን አታስበይዱ

ስልኬ የጮኸው ሳይነጋ ነው። «ዶክተር፣ ላሜ ስትጮህ አደረች» አሉኝ እትዬ። ዶክተር አይደለሁም፤ የከብት አዳቃይ ቴክኒሻን ነኝ። አሥር ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፣ አሥራ አንደኛውን ተውኩት። ሥራዬ ባጭሩ፣ ላም ኮርማ ስትፈልግ ኮርማውን በሞተር ሳይክል ማድረስ ነው። ኮርማው ደግሞ በቀጭን ቀሰም ውስጥ ሆኖ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጂን ተነክሮ፣ ከኋላዬ በገመድ ታስሮ ይጓዛል።

በዚህ ሥራ ሰዓት ሁሉ ነገር ነው። ላሟ ማታ ምልክት ካሳየች ጠዋት፣ ጠዋት ካሳየች ደግሞ ወደ ማታ ላይ ማዳቀል ነው ደንቡ። ካመለጠ አመለጠ። እንደገና 21 ቀን ገደማ መጠበቅ ነው። ላም በሌለበት ከተማ ለሚኖር ሰው 21 ቀን ምንም አይደለም። ለእትዬ ግን 21 ቀን የዘገየ ወተት ነው።

የምኖረው አለታ ወንዶ ነው። እትዬ ያሉት ወደ ሀገረ ሰላም በሚወጣው መንገድ፣ ቡናው እያለቀ ቀርከሃው ከሚጀምርበት በላይ ነው። ዳገት ነው፣ ጉም ነው፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። የዚያን ቀን በሦስተኛ ማርሽ እየነዳሁ ዳገቱ ሲከብድ ወደ ሁለተኛ ልመልስ ረገጥኩ። መርገጫው ወረደ። ማርሹ ግን ንቅንቅ የለም። ደግሜ ረገጥኩ። ወደ ላይ ብዬ በጫማዬ አፍንጫ አነሳሁት። እንደ ላላ የበር እጀታ ዝም ብሎ ይዞራል። ሞተሯ ተንቀጠቀጠች፣ አቃሰተች፣ ጠፋች።

ወርጄ ሳየው የመርገጫው ጥርስ ተበልቶ አልቋል። መርገጫውን ከሞተሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ ጨብጦ የሚይዘው ብሎን ደግሞ በጣት ይዞራል።

ሁለት ልጆች እየገፉልኝ ወደ አንዲት ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ደረስኩ። መካኒክ የለም። በያጅ ግን አለ። መቼም በዚህ አገር መካኒክ የሌለበት ቦታ በያጅ አይጠፋም፤ የመስኮት ፍርግርግና የቆርቆሮ በር እስካለ ድረስ። «አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አምስት ደቂቃም አልፈጀ። መርገጫውን ከዘንጉ ጋር አቅልጦ አንድ አደረገው። ከፈልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ። ለላሟ ደረስኩ። እትዬ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ አቀረቡልኝ። ቅቤው በጣቴ እየወረደ «ብየዳ የመሰለ ነገር የለም» እያልኩ ነበር በሆዴ።

ከዚያ ጣጣው ጀመረ።

መጀመሪያ ዘይት ማንጠብጠብ። ጠዋት ስነሳ ከሞተሯ ሥር በግራ በኩል የሣንቲም ያህል ጥቁር ነጥብ አገኛለሁ። ሣንቲሟ በሳምንቱ ሰፋች። ዘንጉ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ ዘይት የምትይዝ የጎማ ቀለበት አለች፣ ፓራኦሊዮ የምንላት። እሷን የብየዳው ሙቀት ጠብሷታል። ጎማ ናትና ምን ታድርግ። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን አላወቅኩም። ከሞተር ውስጥ የመጣ ትልቅ በሽታ መስሎኝ ለሁለት ወር ዘይት እየጨመርኩ፣ እየተሳቀቅሁ ነዳሁ።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ አለቀ። ሰንሰለት ሲቀየር ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ብረት፣ የፊቱ ፒኞንም አብሮ ይቀየራል። ፒኞኑ ያለው ከግራው ክዳን ጀርባ ነው። የግራው ክዳን እንዲወጣ ደግሞ የማርሽ ዘንጉ በመሀሉ አልፎ ስለሚወጣ መጀመሪያ መርገጫው መውለቅ አለበት። መርገጫው ተበይዷል። መካኒኩ ተንበርክኮ አየው፣ ቀና ብሎ አየኝ። «ማነው እንዲህ ያደረገህ?» አለ። መልስ አልሰጠሁትም።

በግራይንደር ተቆረጠ። ሲቆረጥ የዘንጉ ጫፍም አብሮ ሄደ። ዘንጉን መቀየር ይገባል፤ ዘንጉ ግን በግራ በኩል አይወጣም። በቀኝ በኩል የፍሪሲዮኑ (የክላቹ) ክዳን ተከፍቶ፣ ፍሪሲዮኑ ራሱ ተፈትቶ ነው በዚያ የሚሳበው። እና ለአንድ መርገጫ ብለን ሞተሯን በሁለቱም ጎን ከፈትናት። ዘንግ፣ ፓራኦሊዮ፣ መርገጫ፣ የክዳን ወረቀት፣ ዘይት፣ የእጅ ዋጋ። ሦስት ቀን ያለ ሞተር። በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ላም እንደጮኸ አልቆጠርኩም፤ መቁጠር አልፈለግኩም።

የሚያናድደው ደግሞ ምልክቱን ቀድሜ ማየቴ ነው። መርገጫው ከመዞሩ በፊት ለሳምንታት ማርሽ ስቀይር እግሬ ሥር «ቀጭ» የምትል ነገር ነበረች። እንደ ትንሽ ክፍተት። መጀመሪያ ትንሽ ባዶ ይሄዳል፣ ከዚያ ማርሹን ይይዛል። ያቺ «ቀጭ» ብሎኑ ላልቷል እያለችኝ ነበር። ብሎኑ በ10 ቁጥር ቁልፍ ግማሽ ዙር ቢጠብቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው። መርገጫው ቀዳዳው ውስጥ ደቃቅ ጥርሶች አሉት። ዘንጉም ጫፉ ላይ እንደዚያው። ሁለቱ ጥርስ ለጥርስ ይገባሉ። መርገጫው ከቀዳዳው ወደ ውጭ የተሰነጠቀ ነው፣ ብሎኑ ስንጥቁን ሲያጠብቀው ዘንጉን እንደ ጡጫ ይጨብጠዋል። እናንተ ስትረግጡ ዘንጉ ትንሽ ይዞራል፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው ሌላኛው ጫፉ ከበሮ የመሰለ ነገርን አንድ እርከን ይገፋል፣ ከበሮው ሹካዎችን ያንቀሳቅሳል፣ ሹካዎቹ ማርሾቹን ያገናኛሉ። እግራችሁን ስታነሱ ስፕሪንግ መርገጫውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በቃ።

ብሎኑ ሲላላ ጡጫው ይከፈታል። ጥርስ በጥርስ ላይ ይፋጫል። ዘንጉ ጠንካራ ብረት ነው፣ መርገጫው ለስላሳ። ስለዚህ ቶሎ የሚበላው መርገጫው ነው፤ ይሄ መልካም ዜና ነው፣ ምክንያቱም መርገጫ ከየትም መለዋወጫ ሱቅ ይገዛል፣ ዘንግ ግን ያየነውን ነው። ቶሎ ከደረሳችሁበት የምትቀይሩት ርካሹን ነው። ብየዳ ደግሞ ርካሹን ከውዱ ጋር አጋብቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ሌላም አለ፤ ባትሪ ሳይነቀል በኤሌክትሪክ ሲበየድ የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተርና ለሻማው እሳት የሚሰጠውን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። የእኔ ተርፏል። የዕድል ጉዳይ ነው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ።

ዘይት በቀየርኩ ቁጥር፣ ሞተሯ እንደቆመች፣ የመርገጫውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች አወዛውዘዋለሁ። በእግር አይደለም፤ እግር ብዙ ነገር አይሰማም፣ በተለይ ቦቲ ውስጥ ያለ እግር። ሌላኛው እጄ ዘንጉ ላይ ነው። መርገጫው ሲንቀሳቀስ ዘንጉ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው። መርገጫው ተንቀሳቅሶ ዘንጉ ዝም ካለ ላልቷል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስትገፉት ደግሞ ዘንጉ ራሱ ጥቂት ሊንሸራተት ይችላል፤ ያ ጤነኛ ነው፣ አትደንግጡ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ደንግጬ መካኒክ ደውያለሁ።

ከዚህም የቀለለ ዘዴ አለ። የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ሰርቄ፣ ከዘንጉ ጫፍ ጀምሮ እስከ መርገጫው የምትሄድ አንዲት ቀይ መስመር አሰመርኩ። መስመሯ ቀጥ ብላ ካለች ሰላም ነው። ዘንጉ ላይ ያለችው ግማሽና መርገጫው ላይ ያለችው ግማሽ ከተላለፉ ተንሸራቷል ማለት ነው። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ጎንበስ ብዬ በአንድ ዐይን አያታለሁ። ባለቤቴ ቀለሙን ስትፈልግ ምን እንዳልኳት አልነግራችሁም።

በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ፣ በተለይ ክረምት ሲወጣ፣ ሙሉ በሙሉ አወልቀዋለሁ። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ ናፍጣ፣ ጨርቅ፣ ግሪስ። የአብዛኛው ትንሽ ሞተር ብሎን 10 ቁጥር ነው፤ የእናንተ ሌላ ከሆነ ለክታችሁ ያዙ፣ በፒንሳ ግን አትንኩት። በፒንሳ የተፈታ ብሎን ቀጥሎ በምንም አይፈታም።

ከማውለቃችሁ በፊት ቦታውን ምልክት አድርጉበት። የጥፍር ቀለሟ መስመር እዚህም ታገለግላለች። ብዙ ዘንግ ላይ ከፋብሪካው የተመታች ነጥብ አለች፣ ያቺ ከመርገጫው ስንጥቅ ጋር ትገጥማለች፤ ግን በጭቃ ተሸፍና ስለምትቆይ መጀመሪያ ማጽዳት ነው።

ብሎኑን ማላላት ብቻ አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ አውጡት። ይሄን በደንብ ያዙልኝ። በብዙ ሞተሮች ላይ ዘንጉ ዙሪያውን የተቆረጠ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፣ ብሎኑ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ያልፋል። ብሎኑ ግማሽ ወጥቶ እያለ መርገጫውን ብትጎትቱት አይወጣም። ብሎኑ ይዞታልና። ሰው ይሄን ሳያውቅ መዶሻ ያነሳል። መዶሻ ደግሞ ዘንጉን ወደ ውስጥ እየገፋ ውስጥ ያለውን ነገር ይመታል።

ብሎኑ ወጥቶም መርገጫው አልወጣ ካለ ዝገት ነው። ናፍጣ ወይም የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ጠብ አድርጉበትና እደሩ። ጠዋት ካቻቢቴውን ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ጠምዘዝ አድርጉት፤ ስንጥቁ ሲከፈት ጡጫው ይለቃል። ከዚያ በእጅ ግራ ቀኝ እያላችሁ ሳቡት። ካቻቢቴውን ከጀርባው አስገብታችሁ የሞተሩን ክዳን ተደግፋችሁ እንዳትፈለቅቁት። ክዳኑ አሉሚኒየም ነው፣ ይሰነጠቃል። ይሰነጠቅና እንደገና ወደ ያው በያጅ።

ከወጣ በኋላ ሁለቱንም ጥርሶች በብሩሽና በናፍጣ ማጽዳት ነው። ጥርሶቹ መሀል የደረቀ ጭቃ ካለ መርገጫው ሙሉ በሙሉ ገብቶ አይቀመጥም፣ ብሎኑን ብታጠብቁትም ጭቃውን ነው የምታጠብቁት፤ ጭቃው ሲረግፍ ይላላል። ብዙ ሰው «አጠብቄው ነበር እኮ፣ እንደገና ላላ» የሚለው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ካጸዳችሁ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ጥርሱ ላይ ቀጭን ግሪስ ቀቡ። ቀጭን ነው ያልኩት። ዓላማው በሚቀጥለው ጊዜ ዝገት እንዳይዘው ነው።

ስትመልሱት መርገጫው ወደ ውስጥ በደንብ ገብቶ የብሎኑ ቀዳዳ ከዘንጉ ጎድጓዳ ጋር ይግጠም። ብሎኑን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ። በእጅ ካልገባ ቦታው አልገጠመም ማለት ነው፣ በቁልፍ አታስገድዱት። ሲጠብቅ ደግሞ ልኩን እወቁ። ይህ ወፍራም የጎማ ብሎን አይደለም፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ነው። የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ያለው ሰው 10 ወይም 12 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። የሌለው (እኔን ጨምሮ) አጭር ቁልፍ ይያዝና በአንድ እጅ፣ በእጅ አንጓ ጉልበት ብቻ ያጥብቅ። ቧንቧ ቀጥሎ በሙሉ ክንድ መጫን የለም። ተሰብሮ ግማሹ መርገጫው ውስጥ ሲቀር ያለው ስሜት፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ አይነገርም። ከብሎኑ ሥር የተሰነጠቀችው ሮንዴላ ካለች አትጣሏት፤ ብሎኑ በንዝረት እንዳይላላ የምትይዘው እሷ ናት። ጠፍጣፋ ሆና ካለቀች ቀይሯት።

ስለ ቁመቱ። ይሄን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ክፍል ነው። መርገጫው ከፋብሪካ የሚመጣው በተራ ጫማ ለሚነዳ ሰው ነው። እኔ ስድስት ወር በላስቲክ ቦቲ ነው የምነዳው። የቦቲ አፍንጫ ወፍራም ነው፣ መርገጫው ሥር አይገባም፤ ስለዚህ ወደ ላይ ለማንሳት እግሬን ከእግር ማሳረፊያው ላይ አንስቼ፣ ቁርጭምጭሚቴን አጣምሜ ነበር የምቀይረው። ማታ ማታ ግራ እግሬን የሚያመኝ ለምን እንደሆነ ያወቅኩት መርገጫውን አንድ ጥርስ ከፍ አድርጌ ከመለስኩት በኋላ ነው። አንድ ጥርስ ብቻ! ሞተር ላይ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን መርገጫው ጋ እንደልማዳችሁ አድርጉ፣ ማርሽ ወደ ላይም ወደ ታችም ለመቀየር እግራችሁን ማንሳት የማያስፈልግበትን ቦታ ፈልጉ። በጣም ከፍ ካለ ወደ ታች ስትረግጡ ሙሉ አይወርድም፣ ማርሽ ይስታል። በጣም ዝቅ ካለ ድንጋይ ይመታዋል። ለጥቂት ቀን ነድታችሁ ካልተስማማ እንደገና መፍታት ነው፤ አምስት ደቂቃ ነው፣ ይሄኛው እውነተኛው አምስት ደቂቃ።

ፊትና ኋላ ያለው፣ በተረከዝም የሚረገጠው ዓይነት ያላችሁ ደግሞ ብሎኑን ቶሎ ቶሎ እዩት። በተረከዝ ስንረግጥ የገላችንን ክብደት ነው የምንጭነው። በተለይ ከኋላ ሁለት ሰው ተጭኖ ወደ ገበያ ሲኬድ።

ጥርሱ መበላት ከጀመረስ? ገና ከሆነ፣ ብሎኑ ሙሉ ጠብቆ የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች ተነካክተው እንደሆነ እዩ። ከተነካኩ ከዚህ በላይ መጨበጥ አይችልም። መርገጫውን አውልቃችሁ ስንጥቁን በብረት መጋዝ ምላጭ ወይም በቀጭን ሞረድ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብታሰፉት እንደገና የሚጨብጥበት ቦታ ያገኛል። ወራት ያቆያችኋል። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ ጥርሱ መሀል ማስገባትም አለ፤ ይሠራል፣ ግን ቤት ለመድረስ ብቻ ነው። ለመንዳት ሳይሆን ለመግባት። ጥርሱ ፈጽሞ ልስልስ ካለ መርገጫ ግዙ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አስተያዩት፤ የቀዳዳው ስፋትና የጥርሱ ብዛት ካልገጠመ አዲስም ቢሆን ዋጋ የለውም። «ሁሉም ላይ ይገባል» የሚል ባለሱቅ ካጋጠማችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።

መንገድ ላይ ጨርሶ እምቢ ካለስ? ያን ቀን ባውቀው ኖሮ የምለው ይሄ ነው፤ መርገጫውን አውልቀህ ኪስህ ክተተው። የሚቆለፍ ፒንሳ ካለ ዘንጉን ጨብጠህ በእጅህ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ከዚያ ፒንሳውን አንሳና በፍሪሲዮን እየተነሳህ በሁለተኛ ብቻ ሂድ። ቀስ ይላል። ፒንሳው የዘንጉን ጥርስ ትንሽ ይጭረዋል። ከብየዳ ግን በብዙ እጥፍ ይሻላል። አሁን ያቺ ፒንሳ ከመቀመጫው ሥር አለች፣ ከትርፍ ብሎንና ከ10 ቁጥር ቁልፍ ጋር በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልላ።

ሞተር ወድቆባችሁ መርገጫው ከተጣመመ ደግሞ እዚያው ላይ እንዳለ አትመልሱት። እያንዳንዷ የመዶሻ ምት ዘንጉ ላይ ነው የምታርፈው፤ መርገጫውን እያቃናችሁ ዘንጉን ታጣምማላችሁ። አውልቃችሁ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ቧንቧ አጥልቃችሁ በቀስታ መልሱት። ብረት ከሆነ ይመለሳል። አሉሚኒየም ከሆነ ይሰነጠቃል፣ አትድከሙ። ያልወለቀ ነገር ላይ ስትታገሉ ትዕግሥት ያልቃል፣ ይሄ ደግሞ በከብትም በሞተርም ያየሁት ነው።

የተጣመመ መርገጫ አንድ ሌላ ተንኮል አለው። ወደ ውስጥ ገብቶ የሞተሩን ክዳን ይነካል፣ እና ስፕሪንጉ ሙሉ ሊመልሰው አይችልም። ማርሽ አንዴ ይገባል፣ ሁለተኛው አይገባም። ሰው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ተበላሸ ይላል። እኔ አንድ ጊዜ ካምቢዮ ሞተ ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ ጠዋት ሳየው በመርገጫውና በእግር ማሳረፊያው መሀል የደረቀ የጭቃ ጓል ተቀርቅሯል። በጣቴ ገፋሁት፣ ወደቀ፣ ካምቢዮው ተነሣ።

ስለዚህ ማርሽ ሲያስቸግር ሁሉም መርገጫው አይደለም። መርገጫውና ዘንጉ አብረው በደንብ እየዞሩ ማርሽ ግን የሚንገጫገጭ ከሆነ፣ ወይም ቆማችሁ ኒውትራል አልገባ ካለ፣ የፍሪሲዮኑን ገመድ እዩ። እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል ልቅ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ፍሪሲዮኑ ሙሉ አይለቅም፣ ማርሹም በግድ ነው የሚገባው። ዘይቱ ካረጀም እንደዚሁ ነው። መርገጫው ከተረገጠ በኋላ ጭራሽ ወደ ቦታው አልመለስ ካለ ግን፣ ጭቃም ካልሆነ፣ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ነው፤ ያኔ የፍሪሲዮኑ ክዳን ይከፈታል፣ ለዚያ ለሚችል ሰው ስጡት። እኔ እዚያ አልገባም።

ፓራኦሊዮዋን ግን በብዙ ሞተሮች ላይ ቤት መቀየር ይቻላል፣ ዋጋዋም ያን ያህል አይደለም። መርገጫው፣ የሚሸፍናት ክዳን ካለም እሱ፣ ከወጣ በኋላ ከውጭ ትታያለች። ላይዋ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ያንን ሦስት ቁጥር ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። አሮጌዋን በቀጭን ካቻቢቴ ጠርዟን ይዞ ማውጣት፣ ዘንጉን ሳይጭሩ። አዲሷን ስታስገቡ የዘንጉን ጥርስ በፕላስተር ጠቅልሉት፣ ካልጠቀለላችሁት የጥርሱ ስለት የጎማዋን ከንፈር ይቆርጠዋል፣ እና አዲሷም ከመጀመሪያው ቀን ታንጠባጥባለች። ከንፈሯን ዘይት ቀባ አድርጉ፣ ስፋቷን በሚያክል ቧንቧ ዙሪያዋን እኩል እየገፋችሁ አስገቡ። ተጣማ ከገባች አውጥቶ እንደገና ነው። ሞተሯን ወደ ቀኝ ጋደም ብታደርጓት ዘይቱ አይፈስም፤ ያው ቤንዚኑ እንዳይፈስ ቧንቧውን ዝጉ።

ላቫጆ ስትሄዱ ደግሞ ልጁን «እዚህ ጋ በኃይል አትምታ» በሉት። የግፊት ውሃ ከቅርብ ሲመታት ከንፈሯን አልፎ አሸዋ ያስገባል። እኔ አሁን ያንን ጎን በባልዲና በብሩሽ ራሴ ነው የማጥበው።

መርገጫው በቀጥታ ዘንጉ ላይ ሳይሆን በመሀል ዘንግ የሚገናኝበት ሞተር ያላችሁም አላችሁ። የሥራ ባልደረባዬ እንደዚያ ዓይነት አለው። የመገናኛዋ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ላይ ኳስ የመሰሉ መገጣጠሚያዎች አሏት፣ እነሱ ሲበሉ መርገጫው እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ቁመቱ የሚስተካከለው ዘንጓን በማዞር ነው። በሁለቱም ጫፍ ዳዶ አለ፣ አንደኛው ግን ብዙ ጊዜ በግራ የሚጠብቅ ነው። ባልደረባዬ ይሄን ሳያውቅ ለመፍታት ሲል እያጠበቀ ግማሽ ቀን ሰድቦታል። በቃ እሱ ነው ልዩነቱ፣ ከዚያ ውጭ ማጽዳትና ኳሶቹን ግሪስ መቀባት ነው።

የመርገጫው ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ ስታልቅም ቸል አትበሉ። ብረቱ ብቻ ሲቀር በጭቃ ያሟልጫል፣ ጫማም ይቀድዳል። ሱቅ ካልተገኘ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ (ካላማዳሪ) ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉና በሽቦ እሰሩት፣ የሽቦው ጫፍ ወደ ሞተሩ በኩል ይሁን። የእኔ እንደዚያ ሆኖ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል።

እትዬ ባለፈው ሳምንት ደውለው ነበር፣ በሌላኛዋ ላም ምክንያት። ማታ ነው የጮኸችው። ጠዋት ስወጣ ጎንበስ ብዬ ቀይ መስመሯን አየሁ፣ ቀጥ ብላለች። ዳገቱ ጋ ስደርስ ወደ ሁለተኛ ረገጥኩ። ገባ። በዚያች የመንገድ ዳር ከተማ ሳልፍ በያጁ አየኝና እጁን አውለበለበ። እኔም አውለበለብኩለት፣ አልቆምኩም።